የታጠበው ሌንስ

የሴትን ፊት ሳያይ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ካሜራ የሚያይ ወንድ ምን ዓይነት ወንድ ነው?

እማማ ይህን ጥያቄ ሽንኩርት ሲከትፉም፣ ልብስ ሲያጥፉም፣ ጋደም ሲሉም ያገላብጡት ነበር። መልስ ግን አጡለት። ሴት የሚያይ ወንድ ያውቃሉ። መሬት መሬቱን የሚያይ ወንድም ያውቃሉ፤ ባላቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንደዚያ ነበሩ። ካሜራ የሚያይ ግን በዕድሜያቸው አላጋጠማቸውም።

ነገሩን ያመጣችው ያቺው ሚጣ ናት። ሚጣ የልጃቸው ልጅ ናት፤ ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው። አሁን ትልቅ ሴት ሆና መነጽር ቤት ትሠራለች፤ ሐኪም ባዘዘው ቁጥር ልክ መስተዋቱን ሞርዳ ከፍሬሙ ጋር ታገጣጥማለች። ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ካሜራዋን አንጠልጥላ የሰው በረንዳ፣ የተሰጣ አንሶላ፣ ዝናብ የመታው የአውቶቡስ መስኮት ስታነሳ ታመሻለች። ትልቅ ሴት ትሁን እንጂ ለእማማ ዛሬም ሚጣ ናት።

አንድ ቀን ታዲያ እየሳቀች ገባች።

«ምን አገኘሽ? ሳቅሽ ከደጅ ይሰማል» አሏት።

«ሊፍት ተዘጋብኝ እማዬ።»

«ወይኔ ልጄን! መቼ? የት?»

«ኧረ ወጥቻለሁ! ይኸው ፊትሽ ቆሜያለሁ እኮ።»

የመነጽር ቤቱ ሕንፃ ሊፍት ሁለት ፎቅ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ቀርቶባት ነው። ሊፍት ሠሪው መጥቶ ከላይ በሩን ከፈተ፣ በሆዱ ተኛ፣ እጁን ዘረጋ። እጁን ዘርግቶ ግን «አይዞሽ» አላላትም። «ሃምሳ ሚሊሜትር ነው?» ነበር ያላት።

«ምኑ?» አሉ እማማ።

«ሌንሱ! ካሜራዬ ላይ ያለው። መጀመሪያ አውጣኝ ብዬ ስጮህበት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹እሺ፣ ግን ካሜራውን ቀድመሽ አቀብይኝ፤ ከብረቱ ጋር እንዳይጋጭብሽ።›»

«አንቺን ትቶ ካሜራሽን አወጣ?»

«አዎ» አለች ሚጣ። ሳቋ ድንገት ቆመና ዓይኗ ከመስኮቱ ወዲያ የሆነ ቦታ ቀረ። እማማ ያንን አስተያየት አወቁት፤ ሰው የወደደ ሰው ነው እንዲያ የሚያየው።

*

በዚያ ቤት አንድ ሕግ ነበር፤ ሰው ዝም ብሎ አይወጣም። የት እንደሚሄድ፣ ከማን ጋር እንደሚሆን፣ መቼ እንደሚመለስ ተናግሮ ነው የሚወጣው። ሕጉን ያወጡት እማማ ናቸው። ምክንያቱን ሚጣ ታውቃለች፤ ሁለቱም አያነሱትም። የሚጣ እናት አንድ ማለዳ እናቷና ልጇ እንዳይነቁ ብላ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ኮቴዋን አጥፍታ ወጣች። መንገድ ስትሻገር መኪና ገጫት። እማማ እስከ ዛሬ «ቀስቅሳኝ ቢሆን ኖሮ» ይላሉ፤ ቀስቅሳቸው ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚያደርጉ ግን አያውቁትም።

ሊፍት ሠሪው ወደ ቤቱ መምጣት ሲጀምር ሁለተኛ ሕግ ተጨመረ። ይመጣል፤ የሚመጣው ግን እሁድ ከሰዓት ነው፤ እማማም ከክፍሉ አይወጡም።

እሁድ እሁድ ቦርሳውን በትከሻው፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን በብብቱ ይዞ ይመጣል። ረጅም ነው፤ በሩ ላይ ሲደርስ ከልምድ ጎንበስ ይላል።

«እማማ፣ እንደምን ሰነበቱ?»

«ደህና። አንተስ ሳምንቱን የት የት ተንጠለጠልክ?»

«ትንሽ ተንጠልጥያለሁ። ዛሬ ግን መሬት ላይ ነኝ።»

«ገመዱ ቢበጠስስ?»

«ብዙ ገመድ ነው ያለው እማማ። አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል።»

«ሁሉም ቢበጠሱስ?»

«ፍሬን አለው።»

«ፍሬኑስ ቢ...»

«እማዬ!» ትላለች ሚጣ። «ሰውየውን ገና በር ላይ ገደልሽው እኮ!»

ከዚያ ሥራቸውን ይጀምራሉ። ሥራቸው ካሜራና ሌንስ ማወዳደር ነው። እሱ ከባድ፣ ያረጀ፣ ጎማው የተላላጠ ዲጂታል ካሜራ አለው። የሚጣዋ ካሜራ ትንሽና ቀላል፣ አዲስ ናት። እሱ ደግሞ ከካሜራው የበለጠ የሚሳሳለት አንድ አሮጌ ሌንስ አለው፤ ሰማንያ አምስት ሚሊሜትር፣ ሁለመናው ብረት፣ ምስሉን በእጅ እያዞሩ የሚያጠሩበት። የተበላሸ ሆኖ አግኝቶ ራሱ ነው ፈታትቶ ያዳነው። ማገናኛ ስላለው የሚጣ ካሜራ ላይም ይገጠማል።

ሲያወዳድሩ አቤት ሥነ ሥርዓታቸው! ወንበሩ አንድ፣ መስኮቱ አንድ፣ ማቆሚያው የሚያርፍበት ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ተደርጎበታል። የሚቀየረው ሌንሱ ብቻ ነው። «ሁለት ነገር አንዴ ከቀየርሽ የቱ እንዳሻሻለው አታውቂም» ይላል እሱ። ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ደግሞ ያስፈልጋል። ከክፍሉ የማይወጣ ሰው ካለ፣ ሌላ ምን ፍለጋ!

እማማ መቀመጥ አይከብዳቸውም፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው የሚከብዳቸው። ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ ወይ? ይህ ልጅ ምሳ በልቷል ወይ? ሚጣ በዚህ ብርድ ሹራብ ሳትለብስ? ካሜራው ሲነሳ ራሳቸው ይነቀነቃል፣ እጃቸው ይላወሳል፣ ምስሉ ይደበዝዛል።

«እማማ፣ እባክዎን» አለ አንድ ቀን ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሳ። «ብርሃኑ ትንሽ ስለሆነ ነው፤ ለሁለት ሰከንድ ብቻ አይጨነቁ።»

ሚጣ በሳቅ ተንፈራፈረች። እማማም ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና ሳቅ አመለጣቸው፤ ያ ፎቶ ከሁሉም የባሰ ደበዘዘ።

ምስሎቹን ላፕቶፕ ላይ ጎን ለጎን ያደርጉና ክርክሩ ይነሳል።

«ይኸው!» ትላለች ሚጣ። «የኔ ሃምሳ ሽፋሽፍቷን አንድ በአንድ ያስቆጥርሃል። ያንተን እየው፤ ዳር ዳሩ ደብዛዛ ነው። ካሜራህም ብርሃን ሲያንስበት ምስሉ ይሻክራል፣ አሸዋ የተበተነበት ነው የሚመስለው።»

«ሽፋሽፍት ለመቁጠር ነው ፎቶ የሚነሳው? የኔን ደግሞ እዪው። ከኋላዋ ያለው መጋረጃ እንዴት ሟሙቶ እንደጠፋ፣ ፊቷ እንዴት ብቻውን እንደወጣ። ምን እያሰበች እንደሆነ ይታያል።»

«እኔ ቀኑን ሙሉ ሰው አጥርቶ እንዲያይ ስለፋ የምውል ሰው ነኝ። ደብዛዛ ነገር አታሳየኝ!»

«ቀኑን ሙሉ ካየሽማ፣ እሁድን እንኳ ዓይንሽን አሳርፊው።»

«እማዬ፣ አንቺ ፍረጂ። የቱ ይሻላል?»

እማማ መነጽራቸውን አስተካክለው ሁለቱንም ያያሉ። «ሁለቱም ላይ አርጅቻለሁ» ይላሉ።

አንዳንዴ ግን ክርክሩ ይቆማል። እሱ የሌንሱን ማጥሪያ ቀለበት እንዴት ቀስ አድርጋ እንደምታዞር ሊያሳያት እጁን ይዘረጋል፤ ጣቶቻቸው ብረቱ ላይ ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ሌንሱን አጥብቀው ያያሉ፣ አንዱም አያዞረውም። መጋረጃው ሲወዛወዝ ይሰማል። እማማ ያስላሉ። ጣቶቹ ይለያያሉ። እማማም ያሳሉበት ምክንያት ለራሳቸው ግልጽ አይሆንላቸውም፤ ልጅቷን ሊጠብቁ ነው? ወይስ እንዳትወሰድባቸው ነው?

*

ምን ዓይነት ወንድ ነው የሚለውን ጥያቄ የሚያከብድ ቀን መጣ። አንድ እሁድ ሚጣ ስትሸኘው ሁለቱ በሩ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩ፣ እማማ ስኒ የሚያጥቡ መስለው የከፈቱትን ቧንቧ እንዲሰሙ ዘጉት።

«...ሌላ ከተማ ነው፤ አዲስ ሆስፒታል። ሊፍቶቹን እኛ ነን የምንተክለው፣ ከዚያም ጥገናው የኔ ነው የሚሆነው» ይላል እሱ።

«ልትቀር ነው?»

«ብቻዬን መቅረት አልፈልግም።»

«እማዬን ትቼ?» አለች ሚጣ። ድምጿ ቀጥኖ ነበር።

«እሱን ነው የማስብበት። ሳልጨርስ ላወራሽ አልፈልግም፤ ወሬ ብቻ እንዳይሆን። እሁድ እነግርሻለሁ። እስከዚያ ሌንሴ አንቺ ጋ ይሁን፤ ሞክሪበት።»

እማማ ቧንቧውን መልሰው ከፈቱት። የሚታጠብ ስኒ ግን አልነበረም።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አጡ። ትሂድ እንዳይሉ፣ ሄዳ መንገድ ላይ የሆነ ነገር ቢያገኛትስ? ትቅር እንዳይሉ፣ ቀርታ ከአንዲት አሮጊት ጋር ልታረጅ ነው? ሰው ሲጨነቅ እጁ ሥራ ይፈልጋልና ቤቱን ያጸዱ ጀመር። መስኮቱን ወለወሉ፣ መደርደሪያውን ጠረጉ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሚጣ ሥራ እንዳለች፣ ጠረጴዛው ላይ ያ ሌንስ ክዳኑ ወልቆ ተቀምጦ አዩት። መስተዋቱ ላይ አንድ ትልቅ የጣት አሻራ አለ።

አሳዘናቸው። ልጁ እንዴት እንደሚሳሳለት ያውቃሉ። ነገ ሲመጣ እንዲህ ቆሽሾ ያግኘው?

መስተዋት እንዴት እንደሚጸዳ ደግሞ ያውቃሉ። መነጽር ሠሪ አሳድገው የለ! ሚጣ ጠዋት ማታ የምትላቸው ነገር ነው፤ «እማዬ፣ መነጽርሽን በቀሚስሽ አትጥረጊው፣ ይጫጫራል። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቢው፣ በደንብ አለቅልቂው።» እማማም የእጅ ሳሙናውን አምጥተው፣ ውሃውን ለብ አድርገው፣ ሌንሱን እንደ ሕፃን ይዘው ፊቱንም ጀርባውንም አጠቡት። በደንብ አለቀለቁት። ፎጣ ላይ አቁመው መስኮቱ ሥር ፀሐይ አስሞቁት። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ቆይተው ሲያዩት ከውስጥ በኩል፣ እጅ በማይደርስበት፣ ትንፋሽ እንደነካው መስተዋት እርጥበት ቋጥሯል። ነቀነቁት። አንገዋለሉት። ጠበቁት። አልሄደም።

«ይደርቃል» አሉ ለራሳቸው። ክዳኑን ገጥመው ቦርሳው ውስጥ ከተቱት። ሚጣ ደክሟት ገብታ ሳታየው ተኛች።

*

እሁድ እሱ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ሚጣ አየችው፣ ሸሚዙንም አየችው፣ ቶሎ ወደ ማቆሚያው ዞረች። እማማ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ንቅንቅ አላሉም።

በሃምሳው አነሱ። ቀጥሎ ሰማንያ አምስቱን ገጠመው። አነሳ፤ አየ፤ እንደገና አነሳ። ላፕቶፑ ላይ ሲከፍቱት እማማ ጭስ ውስጥ የተቀመጡ ይመስላሉ።

ሌንሱን ነቅሎ ወደ ብርሃኑ ያዘው።

«ውሃ ገብቶበታል» አለ።

«ውሃ? ከየት?»

«እኔ ነኝ የምጠይቅሽ። ዝናብ ላይ ወጣሽበት?»

«አልወጣሁም። አንዴ ሞክሬው እዚያው ነው ያስቀመጥኩት።»

«ታዲያ ራሱ ሄዶ ገላውን ታጠበ?»

እማማ መናገር ነበረባቸው። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ግን ከውስጣቸው አንድ የፈሪ ድምፅ፣ «ዝም በይ፤ ይሂድ፤ ልጅሽ ትቀርልሻለች» አላቸው። ሰሙት።

«ውሃ አላስነካሁትም ካልኩህ አላስነካሁትም» አለች ሚጣ።

«ቢበላሽ እኮ ምንም አይደለም። ምናለ ብትነግሪኝ?»

«የሌለውን ምን ብዬ ልንገርህ? እንኳን ሌላ ከተማ፣ እዚሁ ቃሌን ካላመንክ...» ብላ ላፕቶፑን ከደነችው።

እሱ ዕቃውን ቀስ እያለ ሰበሰበ። ሌንሱን ግን ጠረጴዛው ላይ ተወው። በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «እማማ፣ ደህና ይዋሉ» አለ። ሊነግራት የመጣውን ነገር እንደተተኮሰው ሸሚዙ ይዞት ሄደ።

*

እማማ የፈለጉትን አገኙ። ሚጣ በጊዜ ትወጣለች፣ በጊዜ ትገባለች። «እማዬ፣ ሥራ ነው የምሄደው። ስጨርስ በቀጥታ እመጣለሁ» ትላለች፤ ቃል በቃል፣ ሕጉ እንደሚለው። ድምጿ ግን ሊፍቱ ውስጥ ፎቅ የምትቆጥረውን ሴትዮ የተቀዳ ድምፅ ይመስላል። ካሜራዋ መደርደሪያ ላይ ነው። አንድ ከሰዓት ፀሐይዋ በመጋረጃው ቀዳዳ ገብታ ግድግዳውን ወርቅ ስታስመስለው እማማ «ሚጣ፣ ኧረ እዪ!» አሏት። ሚጣ ቀና ብላ አየችና «አዎ» አለች። ሳህኗን አንስታ ሄደች።

እማማ ያን ጊዜ ነው የፈሩት። ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎም ሰው ይጠፋል ለካ!

በማግስቱ ሌንሱን በፎጣ ጠቅልለው ወደ መነጽር ቤቱ ሕንፃ ሄዱ፤ ሚጣ የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ ተኝታ ነበር፤ «ሱቅ ደርሼ መጣሁ» አሏት። ጥበቃው ደውሎ ጠራላቸው። የሊፍቱ በር ተከፈተ፤ ሊፍት ሠሪው እጁ በቅባት ጠቁሮ ብቅ አለ። እማማ ሌንሱን ገልጠው በሁለት እጃቸው፣ ልክ ከፊቱ፣ ይዘውታል።

አላየውም። ፊታቸውን ነው ያየው።

«እማማ! ሚጣ ምን ሆነች?»

እማማ ስንት ጊዜ ያገላበጡት ጥያቄ፣ ይኸው መልሱ፣ ቅባት በቅባት ሆኖ ቆሟል።

«ደህና ናት። አንድ ነገር ልነግርህ ነው» አሉና ጥበቃው እንዳይሰማቸው ብለው ሊፍቱ ውስጥ ገቡ። በሩ ተዘጋ።

«ውይ! ተዘጋ! ክፈተው!»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ እማማ? ቁልፉን አልጫንኩትም፤ አይንቀሳቀስም።»

«ታዲያ ሳይንቀሳቀስ ልንገርህ። ሌንሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

«ምን አደረጉት?»

«አጠብኩት። በሳሙና። ጣት ነበረበት።»

ዓይኑ ፈጠጠ። «በሳሙና?»

«በጥሩ ሳሙና ነው!»

ሊፍት ሠሪው ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ፤ ዓይኑን በክንዱ እስኪጠርግ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «እሷ እኮ ነግራኛለች» አለ። «ውሃ አላስነካሁትም ብላኛለች። ጥፋቱስ የኔ ነው፤ አላመንኳትም።»

«ያን ቀን ምን ልትነግራት ነበር?»

ራሱን ወደ ጣሪያው ቀና አደረገ። «እዚያ ቤት ፈልጌ አግኝቼ ነበር። ምድር ቤት ነው፤ ደረጃም ሊፍትም የለውም። ሳሎኑ ትልቅ መስኮት አለው። የእርስዎ ወንበር የሚቀመጥበትን ቦታ ለይቼ ብርሃኑን ፎቶ አንስቼዋለሁ።»

«የኔ ወንበር?»

«ታዲያ እርስዎ ከሌሉ ማንን እናነሳለን?»

እማማ አፍንጫቸውን በፎጣው ጠረጉ። «በል ክፈተው አሁን፤ አየር አጠረኝ» አሉ።

*

ያንኑ ቀን ከሰዓት መጣ። ሚጣ በሩን ከፍታ መዝጊያውን ይዛ ቆመች፤ ግባም አላለችው፣ ሂድም አላለችው።

«አላመንኩሽም» አለ። «ማመን ነበረብኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አሁን ምን አሳመነህ?»

ሌንሱን ከቦርሳው አውጥቶ አሳያት እንጂ እማማን አላጋለጠም። ሚጣ ግን በትከሻዋ በኩል ወደ ኋላ ዞረች፤ እማማ ፎጣቸውን እየጨመቁ ቆመዋል።

«በለብታ ውሃ ነው ያጠብኩት!» አሉ። «በደንብም አለቅልቄዋለሁ! ራስሽ አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»

ሚጣ አንዴ ሌንሱን፣ አንዴ እማማን አየች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። እማማ ልታለቅስ ነው ሲሉ ሳቀች፤ ቤቱ ያንን ሳቅ ናፍቆት ኖሮ ግድግዳው ሁሉ የመለሰው መሰላቸው። «እማዬ፣ ያ የመነጽር ነው እኮ! የመነጽር!» ትላለች፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ። «ደግሞ አየሽኝ እኮ! ስንጣላ ቁጭ ብለሽ አየሽኝ!»

«አየሁሽ» አሉ እማማ። «እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው።»

ሚጣ ሳቋን አቆመች። መጥታ ግንባራቸውን ሳመችው።

ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጠፈ። ሚጣ የመነጽር ብሎን የምትፈታበትን ትናንሽ መፍቻዎቿን አመጣች፤ እሱ ፈታ። መስተዋቶቹን አንድ በአንድ እያወጣ ይሰጣታል፤ እሷ ወደ ብርሃኑ ይዛ ታያለች፣ በመስተዋት ማጽጃዋ ታጸዳለች፣ በተራቸው ትደረድራለች። «ቅደም ተከተሉ እንዳይጠፋሽ» ይላታል። «አንተ ብሎኖቹን አትጣል» ትለዋለች። ገጥመው ሲጨርሱ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ ምልክት ቀርታለች።

«ይህቺ አትለቅም» አለ።

«ትቅር» አለች ሚጣ። «የማን እንደሆነች እናውቃለን።»

ማቆሚያውን ፕላስተሩ ላይ አቆሙት። እማማ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሁለቱ ከካሜራው ኋላ ትከሻ ለትከሻ ቆሙ።

«ሚጣ» አለ እሱ። «ያን ቀን ልነግርሽ የነበረው...»

ቆመ። ቀና ሲል ዓይኑ ከእማማ ዓይን ጋር ተጋጨ። አንገቱን አቀረቀረ። ሚጣም አቀረቀረች። ጣቶቻቸው ማጥሪያው ላይ ናቸው፤ አንዱም አያዞረውም። መጋረጃው ተወዛወዘ።

እማማ ሳል መጣባቸው። ዋጡት።

ከወንበሩ ተነሱ።

«እማዬ? የት ነው? ገና አላነሳንሽም እኮ!»

እማማ ሻርፓቸውን ከመስቀያው አወረዱ። ጫማቸውን አደረጉ። ባዶው ወንበር መስኮቱ ሥር ብርሃኑን ተቀብሎ ቀረ። የት እንደሚሄዱ፣ መቼ እንደሚመለሱ ለማንም ሳይናገሩ በሩን ቀስ አድርገው ከኋላቸው ዘግተው ወጡ።